ከሰባተኛው ፌርማታ እስከ አሥራ አንደኛው

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጡረታ ከወጣሁ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኔ። መቀመጥ አልተቻለኝም። ገና ሳይነጋ እነሳና ሶፋው ላይ ቁጭ እላለሁ... ቀኝ እግሬ ምንጣፉ ላይ ፍሬን ይረግጣል። ፊት ለፊቴ ያለው ቴሌቪዥን ነው። ማንን እንዳልገጭ ነው?

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ነበረች ልበል? ጉልበቷ የማሽኑን መርገጫ እምቢ ካለ ሦስት ወሩ። አሁን በእጅ የሚሰፋውን ብቻ ትሰፋለች፣ ቁልፍና ጠርዝ። አራተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ አልወረደችም። ቀዶ ጥገናው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው ተብሏል።

ዛሬ የክር ሳጥኗን አስተካከልኩላት። ቢጫውን ከቢጫ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ። ተባረክ የምትለኝ መስሎኝ...

«ማን ንካ አለህ?»

«ተዝረክርኮ ነበር እኮ።»

«በውፍረት ነበር የደረደርኩት! ኧረ ውጣልኝ፣ አንተ ሰውዬ። እግር የለህም? ሂድና ያንን ሰፈር እየው!»

ያ ሰፈር የትኛው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ መስመር፣ ከሰባተኛው ፌርማታ እስከ አሥራ አንደኛው። ሀያ ስድስት ዓመት ነዳሁበት። መጋዘን ብቻ ሳለ አውቀዋለሁ። ከየአገሩ ሰው መጥቶ ምግብ ቤት ሲከፍትበት፣ ግድግዳው ሥዕል ሲለብስ፣ ፂማም ወጣት ሲሞላው... ሁሉንም በፊት መስታወት አየሁት። ወርጄበት ግን አላውቅም። አንድ ጊዜ እሷ ቁልፍ ልትገዛ ተሳፍራ፣ ከኋላዬ ወንበር ላይ ሆና፣ «አንድ ቀን እዚህ ቁጭ ብለን እንብላ» አለችኝ። «እሺ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እሺ እንዳልኩ እንጃ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሄድኩ። በእግሬ ነው የሄድኩት። ሌላ ሰው እየነዳ እኔ ተሳፋሪ? አይሆንልኝም።

ስምንተኛው ፌርማታ ፊት ለፊት የኑድል ቤት አለ። ገባሁ። አስተናጋጇ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የወሸቀች ልጅ፣ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«እንኳን ደህና መጡ አባት። ለስንት ሰው?»

ለስንት ሰው... ዞር ብዬ ኋላዬን አየሁ። ማን ይኖራል?

«ለ... አንድ።»

ቤቱ ሁሉ ዘወር ብሎ ያየኝ መሰለኝ። ሀያ ስድስት ዓመት ምሳዬን የበላሁት ሾፌር ወንበር ላይ ነው፣ ከምሳ ዕቃ፣ በአሥር ደቂቃ። ለእኔ ብቻ ጠረጴዛ ተይዞልኝ፣ ዘርጋ ብዬ ተቀምጬ... እጄን የት ላድርገው? የምግቡ ዝርዝር ላይ ያለው ፊደል ጉንዳን ያክላል። መነጽር አልያዝኩም።

«መኪናዬን አቁሜ ልምጣ» አልኳት።

የምን መኪና! ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ።

ቤት ስደርስ፦ «እህሳ? በላህ?»

«በላሁ።»

ምን አስባለኝ? እኔ እንጃ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

«ምን ምን ይላል?»

«ጎምዘዝ ይላል... ዝንጅብል አለው።»

እንፋሎቱንስ አይቻለሁ። ዝንጅብሉን ከየት አመጣሁት? ዓይኗ ግን በራ። የልክ ደብተሯን አወጣች፣ የደንበኞቿን ወገብና ትከሻ የምትጽፍበትን። በባዶ ገጽ ላይ ጻፈች፦ ስምንተኛ ፌርማታ። ኑድል። ጎምዘዝ፣ ዝንጅብል።

ከዚያ ገብቼ ድስት ውስጥ የቀረውን ምስር ጠረግኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዘጠነኛ ፌርማታ። ዳቦ ጋጋሪው። ሊጡን ምድጃው ግድግዳ ላይ እየለጠፈ ነው የሚጋግረው። ክንዱ ላይ አንድ ፀጉር የለም፣ እሳቱ ጨርሶታል። በመስኮት ሀያ ደቂቃ ያህል አየሁት።

ዛሬስ እገባለሁ ብዬ ሰልፍ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ፣ «ምን ይግባበት?» አለኝ። ሰባት ሳህን ደርድሯል። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ አንዱ ደግሞ የማላውቀው ቀለም። ከኋላዬ ያሉት ይቁነጠነጣሉ... ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓት አክባሪ ነኝ፣ ሰው ማስቆም ይጨንቀኛል። «እነሱን አስቀድም» ብዬ ሰልፉን ለቀቅኩ።

«ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ጣፋጭ ነው» አልኳት ማታ። ጻፈችው።

ድንች ነበር ቤት። ሁለት ሳህን በላሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አሥረኛ ፌርማታ ላይ ያለው የገበያ አዳራሽ ግን ውሸት የለበትም። እዚያ መቀመጥ የለ፣ ለስንት ሰው የሚል የለ። ጣሪያው የድሮ መጋዘን ቆርቆሮ ነው። ቅመም ሻጩ በአንድ ቋንቋ ይጣራል፣ ዓሣ ሻጯ በሌላ ትመልስለታለች፣ ሲሰዳደቡ ግን ሁለቱም ይግባባሉ። አንዱ ሱቅ ሸክላ ሙዚቃ ብቻ ይሸጣል። ወጣቶቹ ሸክላውን እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት። የእኔ ቁም ሳጥን ላይ ስንቱ አቧራ ይዞ ተቀምጧል!

ይህንን ሁሉ ስነግራት ክሯን አስቀምጣ ሰማችኝ። መርፌዋን እንኳ ረሳችው።

«ከዚያስ?»

ከዚያስ ስትለኝ... ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ አላቆምም። ገበያው ውስጥ የጠበሱትን ዓሣ በላሁ አልኳት። ሎሚ እንዳለው ጨመርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

አሥራ አንደኛ ፌርማታ። ዝናብ። የቡና ቤቱ መስኮት በእንፋሎት ተደፍኖ ምንም አልታየኝም። የዛሬው ሙሉ በሙሉ የአፌ ሥራ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ዛሬ ቆርጬ ነበር። ኑድል ቤቱ። እጀታውን ያዝኩ፣ ገፋሁት፣ ገባሁ። ሌላ አስተናጋጅ ነው ያለው፣ ረጅም ሽርጥ ያደረገ።

«ምን ልታዘዝ?»

«ሽንት ቤት አላችሁ?»

አፈር ልብላ! ሄጄ ተጠቀምኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

ማታ «የት ገባህ ዛሬ?» ስትለኝ «እዚያው ኑድል ቤት» አልኩ። ውሸት ነው? ገብቻለሁ አይደል!

«ዛሬስ እንዴት ነው?»

«ጣፈጥ ይላል።»

ደብተሩን ገለጠች። «ባለፈው ጎምዘዝ ነው ብለህ ነበር።»

«ምግብ አብሳዩ ተቀይሯል» አልኳት።

«እ» አለችና ጻፈችው። ከዚያ ምስሩን አሞቀችልኝ። ሳልጠይቃት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ቀዶ ጥገናው አልቋል። ደህና ናት። ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ዋልኩ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ «አንድ ቦታ ይቀመጡ አባት፣ ወለሉ እርጥብ ነው» ብላ ተቆጣችኝ። መቀመጥ ብችል ኖሮ...

ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው፦ «ዛሬ የት ሄድክ?»

«የትም።»

«አይ አንተ። አንድ ነገር ንገረኝ።»

ሰባተኛው ፌርማታ ላይ ያለችውን አይስክሬም ቤት ነገርኳት። ጠባቡን ግድግዳ፣ የሰማያዊ ዝሆን ሥዕል ያለበትን... እሱን በዓይኔ አይቻለሁ። አይስክሬሙን ግን አልቀመስኩም። የታመመች ሴት እንኳ ዋሸሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሑድ፣ መጋቢት 7

ሎንጌ መጣልኝ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ አሥራ አራት ቁጥርን ከእኔ የተረከበው ልጅ። ወንበር ላይ አስቀምጠን አራት ፎቅ ተሸክመን አወጣናት። «ቀስ! ልክ እንደ ዕቃ!» እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ነርሷ ጠዋትና ማታ ጉልበቷን እንድታጥፍ አዝዛለች። ሀያ ጊዜ። ካልታጠፈ እንደ ደረቀ ይቀራል፣ ደረጃም ማሽንም አይታሰብም አለች። በግልጽ ነው የነገረችን።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

አታጥፍም። ያማታል። ሦስት ጊዜ ታጥፍና «ነገ» ትላለች። ቤቱ ውስጥ እየዞርኩ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ምንም።

ማታ ላይ እንዲህ አልኳት፦ «ሀያ ካጠፍሽ የዛሬውን እነግርሻለሁ። ካላጠፍሽ አፌን ዘጋሁ።»

ክሯን አስቀመጠች። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ጀመረች። አንድ... ሁለት... ሀያ ላይ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኗል።

«ተናገር።»

ተናገርኩ። ምን ላድርግ? አሁን ውሸቱ መድኃኒት ሆኖ አረፈው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ሀያ አጠፈች። የአሥራ አንደኛው ፌርማታ የድሮ ፋብሪካ። ውስጡ ኤግዚቢሽን ነው። ከጣሪያው ላይ ስልሳ የሚያህል ወንበር አንጠልጥለዋል። ሰው ሁሉ አንጋጦ ያያል። እኔን ደግሞ፣ የሚቀመጥበት ወንበር ያጣው ሕዝብ ብዛቱ አሳቀኝ። ይኼ እውነት ነው።

ቀጥሎ ያለውን ቡና ቤት ግን በመስኮት ነው ያየሁት።

ዓርብ፣ መጋቢት 19

ተያዝኩ። ኑድል ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ ሳለሁ አሥራ አራት ቁጥር ቆመ፣ በሩ ተከፈተ።

«ኧረ ጋሼ! በየቀኑ እዚህ ምን ያስቆምዎታል? ተቆጣጣሪ አደረጉዎት እንዴ?» ሎንጌ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

«ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«ባለቤቴን» አልኩት።

እሱ «እሷማ አልጋ ላይ ናት እኮ» ብሎ ግራ ገብቶት በሩን ዘጋ። እኔ ግን ካልኩት በኋላ ነው የገባኝ። ለካ ያለ እሷ መግባት አልፈልግም። ሀያ ስድስት ዓመት እሺ ያልኳት እኮ ቁጭ ብለን እንብላ ስትለኝ ነው። ብቻዬን ብበላው ምን ይባላል?

ግን ይህንን ለምን አልነግራትም?

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ልጃችን ደወለች፣ ከምትኖርበት ከተማ። «አባዬ፣ እማዬ ስለዚያ ሰፈር ስታወራ የኖረችበት ነው የምትመስለው። ለደንበኞቿ ሁሉ እያነበበችላቸው ነው፣ ከደብተሩ!»

ለደንበኞቿ ሁሉ! ጉድ ፈላ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ዛሬ ልነግራት ነበር። ጠዋት ቃላቱን መላጫ መስታወት ፊት አጠናሁ። ስገባ ነርሷ ጉልበቷን ልታይ መጥታ ከጎኗ ቆማለች።

«እይ! እይ!» አለችኝ እሷ። ጉልበቷ እንደ ሰው ጉልበት ታጠፈ። ማሽኑ ጋ ሄዳ ተቀመጠች፣ መርገጫው ላይ እግሯን አሳረፈች፣ አንዴ ረገጠች። ክር እንኳ የለውም፣ ግን መርፌው ወጣ ወረደ። ከዚያ አለቀሰች፣ አንጀቴን በላችው።

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረጃውን መውረድ ትችያለሽ» አለች ነርሷ።

«እንግዲያው በአሥራ ስምንት፣ ቅዳሜ፣ ኑድል ቤት» አለች ባለቤቴ። «ከአንደኛው ገጽ እንጀምራለን።»

እንዴት ብዬ ልንገራት? በዚህ ፊት ላይ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ካፖርቷን አወጣች። አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ገበያ አዳራሹ ሄጄ ቁልፍ ብቻ የሚሸጡት ሽማግሌ ጋ ቆምኩ። በምልክት ነው የተነጋገርነው፣ የእኔን ቋንቋ አያውቁም፣ እኔም የእሳቸውን። ናሙናውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና ከስንት ሺህ ቁልፍ መሃል አንዷን አወጡ። ቁርጥ እሷን።

ቢያንስ አንድ እውነተኛ ነገር ከዚያ ሰፈር ይዤ ገባሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ነገ ነው። ታምሜያለሁ ልበል? ዝናብ ነው ልበል? ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አይተባበርም።

በሩ ላይ ስንደርስ «እርስዎን አይተንዎት አናውቅም» ቢሉኝስ? ወይም ያቺ ልጅ ብታስታውሰኝ? የቱ ይብሳል? ሀያ ጊዜ እያጠፈች፣ ጥርሷን እየነከሰች፣ ውሸት ነው የከፈልኳት። ካወቀች ከእንግዲህ «ከዚያስ?» አትለኝም። የምፈራው እሱን ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ስልሳ አራት ደረጃ ወረደች። በየፎቁ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ «ቀጥል» ትለኛለች። በእግር አትችልም፣ ስለዚህ አውቶቡስ። ሎንጌ ነበር ሾፌሩ። ያቺው ከኋላው ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ሁለታችንም። እግሬ ፍሬን ረገጠ። እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች፣ «ተው፣ ልጁ ይነዳል።»

ስምንተኛው ሲቃረብ ደወሉን መጫን ረሳሁ። ተጭኜስ አውቃለሁ?

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሎንጌ በመስታወት አየኝና ሳቁ አልበርድ አለው።

በሩ ጋ ቆምኩ። አሁን ካልነገርኳት መቼ?

«ስሚኝማ... አንድ ነገር አለ።»

«ገብተን።»

«አይ፣ ሳንገባ—»

በሩ ተከፈተ። ባለ እርሳሷ ልጅ። አፍጥጣ አየችኝ፣ ፊቷ በሳቅ ተሞላ።

«ውይ አባት! መኪናዎን አቁመው መጡ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «የምን መኪና?»

ልጅቷ ምኑንም አላወቀች፣ ቀጠለች። «የካቲት ላይ መኪና አቁሜ ልምጣ ብለው ወጡ፣ ከዚያ በየቀኑ በመስኮት ያዩናል። እኛማ ማቆሚያ አጥተው ነው እያልን እንቀልዳለን! ለስንት ሰው?»

«ለሁለት» አለች ባለቤቴ።

ተቀመጥን። ጆሮዬ እሳት ሆኗል። «እኔ...» አልኩ። «አንዱም ጋ አልበላሁም። ኑድሉንም፣ ዓሣውንም። ሁሉንም ከአፌ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ምሳ በልቼ መጣሁ ያለ ሰው ድስት ይጠርጋል? ምስሩን እኮ አሟጠህ በላኸው! ሰው ውጭ በልቶ መጥቶ ሁለት ሳህን ድንች... እኔ የሰው ልክ ስለካ የኖርኩ፣ ያንተን ሆድ አላውቀውም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

የቀረበላትን ውኃ ጠጣች፣ ቀስ ብላ። «ሀያ ስድስት ዓመት ማታ ስትገባ እንዴት ዋልክ እልህ ነበር። ደህና፣ ትላለህ። አለቀች። ዘንድሮ ገና አፍህን ፈታህ። እና ልዝጋብህ?»

አፈርኩ። ደስ አለኝ። ሁለቱም እኩል።

«ይልቅ» አለች፣ «ወንበሮቹስ? የተንጠለጠሉት?»

«እነሱ እውነት ናቸው። ገበያውም፣ ዝሆኑም።»

«ቁልፏማ አለች፣ ይኸው ለብሻታለሁ።»

ኑድሉ መጣ። በሁለቱ እንጨቶች መብላት አቃተን፤ እሷ እንደ መርፌ አንዱን ወግታ ታነሳለች። ቀመሰች። ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አንደኛውን ገጽ ገለጠች፣ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ጎምዘዝ፣ ዝንጅብል።» እንደገና ቀመሰች። «አይጎመዝዝም። ዝንጅብልም የለው። አንተ ሌባ!» ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞሩ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ሾርባው ሸሚዜ ላይ ተንጠባጠበ፣ የምታጥበው ራሷ ናት አልኩ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ይንጣጣል። ደንበኛ ሁለት መጥቷል፣ ሦስተኛው ቀጠሮ አለው። እኔ መሃል ቤት ቆሜ የቱን ሳጥን ላስተካክል እያልኩ...

«እንዳትነካ! ሂድ። ዘጠነኛው ፌርማታ። ከዋሸህ አውቃለሁ።»

«ብቻዬን?»

«እኔ ሥራ አለኝ።»

በአውቶቡስ ሄድኩ። ሰልፍ ያዝኩ። ምን ይግባበት አለኝ ዳቦ ጋጋሪው። ከኋላዬ ያሉት ይቁነጠነጣሉ። ይቁነጥነጡ! ሰባቱን ሳህን አንድ በአንድ አየሁ፣ ያንን የማላውቀውን ቀለም አሳየሁት። ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ነበረች። «ለስንት ሰው?» አለችኝ የጋጋሪው ልጅ ከውስጥ። «ለአንድ» አልኩ፣ ቁጭ አልኩ። እግሬ? ልብ አላልኩትም።

ቅቤ ቅቤ አይልም። ጣፋጭ አይደለም። ጨው በዝቶበታል፣ ያ ቀለም ደግሞ ለካ የሚያቃጥል ነገር ነው፣ ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ። ጨረስኩት ግን። ሁለተኛም አዘዝኩ።

ነገርኳት፣ ልክ እንደዚሁ። የድሮውን ሰርዛ ጻፈችው።

ራት ቀረበ። ምስር ነው። አልቻልኩም፣ ጠግቤያለሁ። ድስቱን ከፈተች፣ አየችው፣ መልሳ ከደነችው። ደብተሯን አውጥታ ዘጠነኛው ፌርማታ አጠገብ ምልክት አደረገች።